የጎደለውን ማን ይፈርማል?

ሃምሳ የምትባል ቁጥር አለች። ገበያ ውስጥ ስሰማት፣ ታክሲ ላይ ረዳቱ ሲጠራት፣ የልጄ ደብተር ላይ ተጽፋ ሳያት አንድ ነገር ጎኔን ጠቅ ያደርገኛል። 50 ብር አበድሬ የተካድኩ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ የ50 ደብዳቤ ነው። ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ብቻዬን ተቀምጬ «ይጥፋ» ብዬ የፈቀድኩት ደብዳቤ።

ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። የመኪና መለዋወጫ ከውጭ እያስመጣ የሚሸጥ አንድ የግል ኩባንያ ውስጥ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስል ከበታቼ ሰው ነበረ ማለቴ አይደለም፤ ክፍሉም እኔ፣ ኃላፊውም እኔ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሜክሲኮ አካባቢ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ ነበር። በሁለቱ መካከል ይመላለስ የነበረው ወረቀት ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ ቦታውን ኢ-ሜይል ወሰደው። 62 ሠራተኞች 62 የመልእክት ሣጥን ነበራቸው። ሣጥኖቹ ሁሉ የሚኖሩት ቀድሞ የሻይ ክበቡ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል፣ በአንድ አሮጌ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ነው።

ሰው ሁሉ ደብዳቤውን የሚጽፈው በየአመሉ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ቃል ጽፎ ይልካል። የሽያጭ ክፍሉ ሰላምታውን ብቻ ግማሽ ገጽ ያደርሰዋል። ከሁሉም የሚያስቀን ግን የቃሊቲው መጋዘን ኃላፊ ነበር። እኛ «ጋሼ» እንለዋለን። ጋሼ ኢ-ሜይል የተማረው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። «ጉዳዩ» በምትለው ጠባብ መስመር ላይ ሐሳቡን በሙሉ ይጨርሰዋል፤ ከሥር ባለው ሰፊ ሜዳ ደግሞ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ስሙን ብቻ ያኖራል። «ጋሼ፣ ጉዳዩ ላይ እኮ አርእስት ብቻ ነው የሚጻፈው» ስለው፣ «ታዲያ ጉዳዩን ካልጻፍኩበት ለምን ጉዳዩ ተባለ?» ይለኛል። ሻይ ላይ ይህን እያነሣን ስንት ጊዜ ስቀናል።

ወደ ሰርቨሩ ልመለስ። ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ 2003 የሚባለው ነበር። ይህ ስሪት ከአምራቹ የሚያገኘው የመጨረሻው ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. እንደሚያበቃ አስቀድሞ ታውቋል። ለእኛ ዓይነቱ መካከለኛ ድርጅት የሚሸጠው እትም ደግሞ በመጨረሻ ማሻሻያው እንኳን ከ75 ጊጋ ባይት በላይ መሸከም አይችልም። ልኩ ላይ ሲደርስ የመረጃ ቋቱ ራሱን ይዘጋል፤ ያን ቀን ኩባንያው በሙሉ ዲዳ ይሆናል። እኛ 71 ደርሰናል። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ደግሞ ያ አሮጌ ማሽን እንደ አስም በሽተኛ እያቃሰተ ነበር የሚነሣው። ሥራ አስኪያጁ ሰማኝና አዲስ ሰርቨር ከ2010ሩ ስሪት ጋር ተገዛ። «እንግዲህ አዛውረው» ተባልኩ።

ማዛወር! ቃሉ ቀላል ነው። ወንበር ይዛወራል፣ ሠራተኛ ይዛወራል። የ62 ሰው የስምንት ዓመት ደብዳቤ ማዛወር ግን እቅድ ይፈልጋል። ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ሦስት ገጽ እቅድ ጻፍኩ። ስለዚያች እቅድ ትንሽ ላጫውታችሁ፤ ኋላ የሚመጣው ጥፋት የተቀመጠው እዚያው ውስጥ ነውና።

መጀመሪያ ቀን መረጥኩ። ከ2003 ወደ 2010 ሲሻገር፣ ሣጥኑ በጉዞ ላይ ሳለ ባለቤቱ ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ ሰው ቢሮ የማይገባበት ተከታታይ ቀን ያስፈልገኛል። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ስቅለት ዓርብ፣ ቅዳም ሥዑር፣ ፋሲካ፤ ሦስት ቀን። በሙከራ እንዳየሁት በሰዓት 3 ጊጋ ባይት ያህል ስለሚሻገር፣ 71ዱ በ24 ሰዓት ያልቃል። ዓርብ ጠዋት ብጀምር ቅዳሜ ጠዋት እጨርሳለሁ፤ ሲመሽ ቤቴ ገብቼ ከቤተሰቤ ጋር እገድፋለሁ። በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነው።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። አሮጌው ሰርቨር አንድ የቁጠባ ልማድ ነበረው። አንድ ደብዳቤ ለአሥር ሰው ቢላክ አሥር ጊዜ አይገለብጠውም፤ አንዱን ያስቀምጥና አሥሩንም ወደዚያው ይጠቁማቸዋል። የላኪውም ቅጂ ያው ነው። አዲሱ ስሪት ይህን ልማድ ትቶታል፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን ይሰጣል። ስለዚህ የተጫነው 71 ጊጋ ባይት ሲራገፍ ወፍሮ ነው የሚወርደው። ይህን አውቄ ሰፊ ዲስክ አዘዝኩ፤ በዚህም ራሴን እንደ ብልህ ቆጠርኩ። ከዚያው ልማድ የሚመጣው ሌላ ጣጣ ግን አልታየኝም።

ሦስተኛው በመንገድ ላይ ያለው ደብዳቤ ነው። ከውጭ የሚጻፍልን ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግር አንድ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አለ። ሌሎች ሰርቨሮች ያነበቡትን ይህን መዝገብ ለተወሰነ ጊዜ በቃላቸው ይይዙታል። የእኛ 86,400 ሰከንድ ነበር፤ አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ወደ 300 ሰከንድ አወረድኩት፤ ቤት ስንቀይር አዲሱን አድራሻ በአምስት ደቂቃ እንዲሰሙ። ሰርቨሮቹ ሁለቱም ዝም ቢሉ እንኳ የሚያሰጋ አልነበረም። ጆን ፖስተል በ1982 (እ.ኤ.አ.) ከጻፈው ደንብ ወዲህ ኢ-ሜይል የሚጓዘው እንደ ትዕግሥተኛ መልእክተኛ ነው። በር ተዘግቶ ቢያገኝ ተመልሶ ይመጣል። ኋላ የወጡት ደንቦች ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ አራት አምስት ቀን ደጋግሞ እንዲያንኳኳ ይመክራሉ።

አገራችንም ይህን ትዕግሥት ታውቀዋለች። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ዋና ከተማነቷ ብቻ ሳይሆን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ፣ በዚያ በነበረው ፓዲስ በተባለው የመረጃ ማዕከል በኩል ኢ-ሜይል ይላክ ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀምና በተወሰነ ሰዓት ስልክ ተደውሎ በአንድ ጊዜ ይሻገራል። ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። እንግዲህ በመንገድ ላይ ያለ ደብዳቤ ጠባቂ አለው። ደርሶ ሣጥን ውስጥ የተኛው ግን ያለ እኔ ማንም የለውም። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

እቅዴን አሳትሜ በኮሪደሩ ሳልፍ እትዬ መዝገብ አገኘችኝ። ስሟ ይህ አይደለም፤ ዕድሜዋን በሙሉ መዝገብ ቤት ስለኖረች ያወጣንላት ነው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ከቀራቸው የቀድሞ ሠራተኞች አንዷ ናት።

«ምንድን ነው የያዝከው ልጄ?»

«ለፋሲካ ደብዳቤዎቹን ወደ አዲስ ሰርቨር ላዛውር ነው፣ እትዬ። እቅዱ ነው።»

መነጽሯን አድርጋ ሦስቱንም ገጽ ቆማ አነበበችው። የኮምፒዩተሩ ነገር አልገባትም፤ አልደበቀችኝም። ግን ወረቀቱን ስትመልስልኝ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ስንት ታስረክባለህ? ስንት ትረከባለህ? የጎደለውን ማን ይፈርማል?»

ፈገግ አልኩ። «እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው፤ ራሱ ይቆጥራል።»

«ማሽን ይቁጠር፤ ፈራሚው ማነው ነው ያልኩህ» አለችና አንድ ታሪክ አጫወተችኝ። በ1991 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ ሲዛወር 412 ፋይል ቆጥራ ኢሱዙ ላይ አስጫነች። ከፋይሎቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ መጣች። ሜክሲኮ ስትቆጥር 411 ሆነ። የጎደለውን በስሙ ለይታ ጻፈችና በዚያው መኪና ተመለሰች። ፋይሉ ለተንጋደደ መደርደሪያ እግር ማስደገፊያ ሆኖ ተገኘ። «አንድ ነው ብዬ ብተወው ኖሮ፣ ያ አንዱ የማን ጉዳይ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ጥሩ ጨዋታ ነው ብዬ አመስግኛት ሄድኩ።

* * *

ዓርብ ጠዋት ከተማው ስግደት ላይ ሳለ እኔ ያቺን ጠባብ ክፍል ዘግቼ ገባሁ። ሐሙስ ማታ መጠባበቂያ ቅጂውን በውጭ ዲስክ ላይ አድርጌያለሁ። እስከ ቀትር ስምንት ሣጥን በሰላም ተሻገረ። ዘጠነኛው ላይ ቆመ።

አሠራሩን ልንገራችሁ። አንድ ሣጥን ሲዛወር መሣሪያው ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ያነሣል። ተበላሽቶ የማይነበብ ደብዳቤ ሲያገኝ የሚያደርገውን የሚወስነው አዛዡ ነው። አዛዡ አስቀድሞ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «እስከዚህ ድረስ የተበላሸ ብታገኝ እየተውክ እለፍ» ማለት ነው። ምንም ካልተናገሩት ቁጥሩ ዜሮ ነው፤ አንድ እንኳ ሲበላሽበት አልሄድም ይላል። ከ50 በላይ ከሰጡት ደግሞ ሌላ ቃል ካልጨመሩ አይቀበልም። ቃሉ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ብዙ መረጃ መጥፋቱን ተቀብያለሁ» እንደማለት ነው። ማሽኑ በራሱ መንገድ ያስፈርማል ማለት ነው።

መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያጎሳቁለው የኖረው ያ አሮጌ ቋት በየቦታው ቁስል ነበረበት። በዜሮ ስጀምረው ይቆማል። ሁለት እሰጠዋለሁ፤ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። አምስት እሰጠዋለሁ። በቆመ ቁጥር ሣጥኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሰዓቱ ይነጉዳል። ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ልቤ ቆመች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ገና 21 ሣጥን ነበርኩ። ከሐሙሱ ጉልባን ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ሚስቴ ሁለት ጊዜ ደውላለች።

ያን ጊዜ ነው ለቀሩት ሣጥኖች ሁሉ በአንድ ትእዛዝ 50 ብዬ የሰጠሁት። ለምን 50? 51 ብል «ተቀብያለሁ» ማለት ሊኖርብኝ ነው። ያንን ቃል በገዛ እጄ መጻፍ ከበደኝ። እጄን ሳላስነካ የማልፍበት ከፍተኛው ቁጥር 50 ነበር። ይህን ለራሴ በግልጽ አላልኩትም፤ ግን ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ትእዛዙን ሰጥቼ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 62ቱም ተሻግረዋል። ከአሥራ አንዱ አጠገብ «ከማስጠንቀቂያ ጋር ተጠናቋል» የሚል ተጽፏል። እኔ ያነበብኩት «ተጠናቋል» የሚለውን ብቻ ነው። ወደ አዲሱ አድራሻ አዛውሬ፣ ሙከራ ልኬ፣ መልስ ተቀብዬ፣ ክፍሉን ዘግቼ ወጣሁ። ዶሮ ቆመው የሚጠብቁ ልጆች ደረስኩላቸው። ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ በሁሉም ፊት ጨበጠኝ። እትዬ መዝገብ ከሩቅ አየችኝና «ስንት ጎደለ?» አለችኝ። «ምንም!» አልኳት። እግዚአብሔር ያያል፤ ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። አለማወቄን ግን አውቅ ነበር።

* * *

በሐምሌ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቆጠራ ተደረገ። ቃሊቲ መጋዘን ሁለት ካርቶን ኩሽኔታ ጎደለ። ጋሼ ተጠየቀ። ጋሼ ፈረጠም ብሎ፣ «ዕቃው ሲመጣ ነው የጎደለው። መሽቶ ስለነበር በካርቶን ቁጥር ተረከብኩ፤ በማግስቱ ስፈትሽ ማኅተሙ የተነሣ አገኘሁ፤ ያኑኑ ጠዋት ለግዢ ክፍል በኢ-ሜይል አስታውቄያለሁ» አለ። የግዢ ክፍሉ ኃላፊ በቀን መቶ ደብዳቤ የሚቀበል ሰው ነው፤ «አላስታውስም» አለ። ነገሩ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ደረሰ። የገቢ ደረሰኙ ላይ የጋሼ ፊርማ አለ፤ ሌላ ወረቀት የለም። ኮሚቴው ወደ እኔ ላከ፤ ደብዳቤውን ከላኪውና ከተቀባዩ ሣጥን አውጥቼ እንዳቀርብ።

እየሳቅኩ ነበር የጀመርኩት፤ ጋሼን ነጻ የማወጣው እኔ ነኝ ብዬ። በጋሼ የተላኩ ደብዳቤዎች ውስጥ ፈለግኩ። የለም። በግዢ ክፍሉ ሣጥን ፈለግኩ። የለም። «ከላኪው ቢጠፋ ከተቀባዩ አይጠፋም» ብዬ እንደገና ፈለግኩ። ከዚያ ያ የቁጠባ ልማድ ትዝ አለኝና ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። ላኪና ተቀባይ አንድ ቅጂ ነበር የሚጋሩት። እሱ ከተበላሸ ለሁለቱም ነው የተበላሸው። መጠባበቂያው ዲስክስ? እቅዴ ላይ «ከ30 ቀን በኋላ ለሌላ ሥራ ይውላል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እንደ እቅዱም ውሏል። ከእቅዱ በትክክል የተፈጸመችው መስመር ያቺ ብቻ ትመስለኛለች።

ያን ቀን ማታ ቤቴ አልሄድኩም። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ የሚጠይቁት የካርቶኖቹን ዋጋ ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ የዝውውሩ ሪፖርቶች አሁንም መኖራቸው ትዝ አለኝ። ሲያልቅ መጽዳት የነበረባቸው ናቸው፤ በስንፍና ትቻቸዋለሁ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አሥራ አንዱን «ማስጠንቀቂያ» አንድ በአንድ አነበብኩ። መሣሪያው የተወውን እያንዳንዱን ደብዳቤ መዝግቧል፤ ከየትኛው ማኅደር እንደሆነ፣ መጠኑንና ጉዳዩን። 37 ነበሩ። እንደ እትዬ መዝገብ ቆጥሮ፣ የጎደለውን በስሙ ለይቶ አስቀምጦልኛል። የሚፈርም ነው የጠፋው።

ከብዙዎቹ አጠገብ የተጻፈው ጉዳይ «መልስ»፣ «ሰላም»፣ «አስቸኳይ» የሚል ነው። ማን ስለምን እንደጻፈ ከዚያ አይታወቅም። በጋሼ ሣጥን ሥር ግን እንዲህ የሚል አንድ ረዥም መስመር አለ፦ «የ3ኛው ኮንቴይነር ዕቃ 6 ካርቶን ማኅተሙ ተነሥቷል 2 ባዶ ነው ግዢ ክፍል ይወቅልኝ»። በግዢ ክፍሉ ሣጥን ሥርም ያው መስመር ደርሷል ተብሎ ተመዝግቧል። ደብዳቤው የለም፤ ጉዳዩ አለ። ያ ስንስቅበት የኖርነው አጻጻፍ!

በማግስቱ ሪፖርቱን አትሜ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሪፖርቱን ብቻ ሰጥቼ «ማሽኑ አበላሸው» ማለት ይቻለኝ ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም። እትዬ መዝገብ በጸሐፊነት ጥግ ተቀምጣለች። «ደብዳቤው ተበላሽቶ ነበር፤ ትቶት እንዲያልፍ ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ። ምን እንደተተወም አላየሁም» አልኩ። ብዕሯ አላቆመም፤ ጻፈችው። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አዙራ ሰጠችኝ፤ ፈረምኩ።

ጋሼ ነጻ ወጣ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። ውጭ በረንዳው ላይ ይቅርታ ልጠይቀው ስጠጋ፣ ጋሼ ትከሻዬን ይዞ፣ «ደብዳቤዬ ስለጠፋ አይደለም ያዘንኩት። ይህን ሁሉ ወር ሲጠፋ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው» አለኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የቀሩትን 36 ደብዳቤዎች በየባለቤታቸው ዝርዝር አወጣሁና ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዳንዱ «ተወው» አለኝ። አንዳንዱ ከውጭ ደንበኛው እንደገና አስላከ። አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ዝርዝሩን አይታ ረዥም ጊዜ ዝም አለች። በዚያው ዓመት ያረፈ የሥራ ባልደረባችን የጻፈላት ነበር። ጉዳዩ ላይ «ሰላም» ብቻ ይላል።

የ2010ሩ ስሪትም ዕድሜው አልቆ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋረጠ። እኔም ከዚያ ኩባንያ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ግን የሌሎችን ሰርቨር ማዛወር እንጀራዬ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ እቅድ ስጽፍ መስመሩን ሁሉ ከመጻፌ በፊት የምሞላው አንድ ገጽ አለ። ከእያንዳንዱ ሣጥን ስንት ደብዳቤ ተረከብኩ፣ ስንት አስረከብኩ፣ የጎደለው የትኛው ነው ይላል። ከሥሩ ሁለት የፊርማ ቦታ አለው። የተበላሸ ሲገኝ ቁጥሩን ከፍ ከማድረጌ በፊት ባለቤቱን እደውልለታለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን። ወጣት ባልደረቦቼ በዚህ ወረቀቴ ሻይ ላይ እንደሚስቁ አውቃለሁ።

ይሳቁ። እኛም በጋሼ ስቀን ነበር።